አልፎ አልፎ ለምንገለገልባት የቆርቆሮ ክፍል ምን ዓይነት ማቀዝቀዣ እንምረጥ?

በደጋ አገር ከዋናው ቤት ተለይታ የተሠራች፣ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ብቻ የሚገለገሉባት ትንሽ ክፍል ያለው ሰው የሚያሳስበው ማሞቂያ ነው። እኛ ባለንበት በጅቡቲ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ የሚያሳስበን ማቀዝቀዣው ነው። በጅቡቲ ከተማ፣ በተለይም በባልባላና በቁጥር በሚጠሩት ሰፈሮች፣ በየግቢው ጥግ ከእንጨትና ከቆርቆሮ የተሠሩ ክፍሎች አሉ። እነዚህን ክፍሎች ለልጆች ማስጠኛ፣ ለማኅበር፣ ለእድር ስብሰባና ለጸሎት እንገለገልባቸዋለን። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም 4 በ5 ሜትር በሆነች እንዲህ ባለች ክፍል ልጆችን ያስጠናል።

በየዓመቱ ሙቀቱ ሲጀምር ወላጆች አንድ ሐሳብ ያነሳሉ፤ «ለምን መዋጮ አዋጥተን ኤርኮንዲሽን አንገዛም?» ይላሉ። ሐሳቡ ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ ልጆቹ በሙቀት ምክንያት ትምህርታቸውን ሦስት ወር ሲያቋርጡ ማየት ያሳዝናል። ነገር ግን መዋጮው ከቀን ሥራና ከቤት አስቤዛ ተቆጥቦ የሚመጣ ገንዘብ ስለሆነ፣ ከመከፈሉ በፊት በሚገባ መታሰብ ይኖርበታል። በአጭሩ ለመግለጽ፣ አልፎ አልፎ ለሚገለገሉባት ክፍል የመጀመሪያው ገንዘብ መዋል ያለበት ለጣሪያው ነው፤ ሁለተኛው ለቬንቲላተር፤ ኤርኮንዲሽን የሚመጣው ከሁሉ በኋላ ነው። ምክንያቱን ከዚህ ቀጥሎ በዝርዝር እንመልከት።

1. ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

የመጀመሪያው ምንጭ ጣሪያው ነው። ቀትር ላይ ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 1000 ዋት የሚጠጋ ኃይል ታወርዳለች። የ4 በ5 ሜትር ክፍል ጣሪያ 20 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ በዚያ ሰዓት የሚያርፍበት ኃይል እስከ 20000 ዋት ይደርሳል ማለት ነው። አንድ የእንጀራ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ እንደሚወስድ ብናስብ፣ ጣሪያችን ላይ ከአምስት የማያንሱ ምጣዶች እንደተጣዱ ያህል ነው። ይህ ሁሉ ወደ ውስጥ አይገባም፤ አዲስ ቆርቆሮ ከፊሉን ያንጸባርቃል፣ ነፋስም ከፊሉን ይወስደዋል። የዛገ ወይም የጠቆረ ቆርቆሮ ግን አብዛኛውን ስለሚይዘው፣ ራሱ ይግልና ሙቀቱን ቁልቁል በአናታችን ላይ ይረጨዋል። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ስንቀመጥ ከሰውነታችን ሁሉ አስቀድሞ ጭንቅላታችን የሚግለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ምንጭ እኛው ራሳችን ነን። ቁጭ ያለ ሰው 100 ዋት ያህል ሙቀት ከሰውነቱ ያወጣል፤ ልጅ ከዚህ ያንሳል። 25 ልጆች በአንዲት ክፍል ሲሰበሰቡ፣ እያንዳንዳቸውን በ80 ዋት ብናሰላ፣ 2000 ዋት ሙቀት ይሰጣሉ።

ሦስተኛው ምንጭ ከውጭ የሚገባው ነፋስ ሲሆን እርሱ እንደ ወራቱ ይለያያል።

2. ሐሩርና ወበቅ አንድ አይደሉም

በጅቡቲ ከተማ ሙቀት ሁለት መልክ አለው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ካምሲን የሚባለው ነፋስ ከምዕራብ በኩል አቧራ ይዞ ይነፍሳል። በዚህ ወቅት ቀን ቀን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፉ የተለመደ ነው፤ አየሩ ግን ደረቅ ነው። ይህ ሐሩር ነው። በግንቦትና በመስከረም ገደማ ደግሞ ነፋሱ ይቀንስና ከባሕሩ የሚመጣው እርጥበት ይበረታል። የሙቀቱ መለኪያ ከሐምሌው ዝቅ ቢልም ላባችን አይደርቅም፣ ልብስ ከሰውነት ጋር ይጣበቃል። ይህ ወበቅ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለስላሳ ስለሆነ ክፍሏ በቂ መስኮት ካላት ማቀዝቀዣ አያስፈልጋትም።

ልዩነቱን ለመረዳት ጀሪካንን እናስብ። ውሃ የሞላውን ጀሪካን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን ነፋስ ላይ ብናስቀምጠው፣ በካምሲን ጊዜ ውሃው ደስ የሚል ቅዝቃዜ ያገኛል። ጆንያው ላይ ያለው ውሃ ወደ ተን ሲለወጥ ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። የእንስራ ውሃም የሚቀዘቅዘው በዚሁ መንገድ ነው። በወበቅ ጊዜ ግን አየሩ ራሱ ውሃ ስለጠገበ ትነቱ ይዳከማል፣ ጀሪካኑም ብዙ አይቀዘቅዝም። የሰው ላብም የሚሠራው ልክ እንደዚያ ጆንያ ነው። ማቀዝቀዣ ስንመርጥ ይህን ልዩነት መያዝ ይኖርብናል።

3. መጀመሪያ ጣሪያውን ማስጠለል

በከተማው መሐል፣ እኛ ምኒልክ አደባባይ በምንለው አካባቢ ያሉትን አሮጌ ቤቶች አስተውላችሁ ከሆነ፣ ግድግዳቸው ወፍራምና በኖራ የነጣ ነው፤ ዙሪያቸውን በቅስት የተሠራ በረንዳ አላቸው። የሠሯቸው ሰዎች ኤርኮንዲሽን አልነበራቸውምና ፀሐይ ግድግዳውን እንዳትነካው አደረጉ። የአፋር ዘላኖችም ከዘንባባ ቅጠል በተጎነጎነ ሰሌን የሚሸፍኑት ቤት ጎኑ ሲገለጥ ነፋስ ያስገባል። ሁለቱም የሚያስተምሩን አንድ ነገር ነው፤ ሙቀትን ከገባ በኋላ ከማስወጣት እንዳይገባ መከልከል ይቀላል።

ለቆርቆሮ ክፍል የሚከተሉት ይሠራሉ።

ሀ) ከጣሪያው በላይ ዳስ መጣል። በጣሪያው ላይ እንጨት አግድሞ በላዩ ሰሌን፣ ሸራ ወይም የተሰፋ ማዳበሪያ መዘርጋት ነው። ዋናው ነገር በዳሱና በቆርቆሮው መካከል ቢያንስ አንድ ክንድ ያህል ክፍተት መተው ነው። ክፍተቱ ከሌለ ዳሱ የያዘውን ሙቀት ለቆርቆሮው ያስተላልፈዋል፤ ክፍተቱ ካለ ግን ነፋስ በመካከል አልፎ ይወስደዋል። ካምሲን ኃይለኛ ስለሆነ ማሰሪያው በየጊዜው ይጥበቅ። ማብሰያ ቤት ቅርብ ከሆነ ደረቅ ሰሌን ብልጭታ ሊያቀጣጥለው ስለሚችል ሸራ ይመረጣል።

ለ) ጣሪያውን በኖራ ወይም በነጭ ቀለም መቀባት። ነጭ ጣሪያ አብዛኛውን ብርሃን ወደ ሰማይ ይመልሰዋል። ዝናብና አቧራ ስለሚያበላሹት ኖራው በየዓመቱ ከግንቦት በፊት ይታደስ፤ ከካምሲን በኋላም አቧራው ይጠረግ።

ሐ) ከውስጥ ኮርኒስ መሥራት። ሰሌን ወይም አቡጀዲ ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ቢወጠር በአናት ላይ የሚረጨውን ሙቀት ይቀንሳል። ነጩን የዕቃ ማሸጊያ ፎም ለኮርኒስ መጠቀም ግን አደገኛ ነው፤ ቶሎ ይቀጣጠላል፣ ጭሱም መርዛማ ነው።

መ) ነፋስ ማሳለፍ። የባሕር ነፋስ ከምሥራቅ፣ ካምሲን ከምዕራብ ስለሚመጣ ክፍሏ በሁለቱም በኩል የሚከፈትና የሚዘጋ መስኮት ያስፈልጋታል። ከጣሪያው ሥር ደግሞ ሙቅ አየር የሚወጣበት ክፍተት ይተው። ቀትር ላይ ካምሲን ሲነፍስ የምዕራቡ መስኮት ይዘጋል፤ ወይም እርጥብ ጆንያ ይሰቀልበታል።

4. የማቀዝቀዣ ዓይነቶች

ሀ) ቬንቲላተር

ቬንቲላተር ክፍሉን አያቀዘቅዝም፤ የሚያቀዘቅዘው ሰውን ነው። ላባችንን አድርቆ ሙቀት ይወስድልናል። ስለዚህ ሰው በሌለበት ክፍል ማሽከርከሩ ኪሳራ ብቻ ነው። በአንጻሩ እንደተከፈተ ወዲያው ስለሚሠራ አልፎ አልፎ ለሚገለገሉባት ክፍል ይስማማል። የጠረጴዛው ዓይነት ከ40 እስከ 60 ዋት፣ የጣሪያው ከ60 እስከ 75 ዋት ይወስዳል። የጣሪያው ዓይነት ክንፉ ከወለሉ ቢያንስ 2.30 ሜትር ከፍ ማለት ስላለበት፣ ዝቅ ባለ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ መስቀል ለልጆች አደጋ አለው።

ቬንቲላተር ወሰን አለው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስተምረው፣ የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ቬንቲላተር ሰውነትን ከማቀዝቀዝ ይልቅ ያሞቀዋል። ነፋሱ ራሱ ከሰውነታችን በላይ ስለሚግል፣ እሳት ላይ እንደሚራገብ ወናፍ ይሆንብናል። በዚያ ጊዜ ፊትን፣ ክንድንና አንገትን በውሃ ማርጠብ ያስፈልጋል፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን በዚያ ሰዓት ክፍል አለመያዝ ነው።

ለ) በውሃ የሚሠራ ማቀዝቀዣ

ይህ ከበስተጀርባው ውሃ የሚንጠባጠብበት ገለባ መሳይ ነገር ያለው ቬንቲላተር ነው። ትንንሾቹ ከ60 እስከ 200 ዋት ይወስዳሉ። በካምሲን ጊዜ እንደ ጆንያው ጀሪካን በሚገባ ይሠራል፤ በወበቅ ጊዜ ግን በክፍሉ ላይ ተጨማሪ እርጥበት ከመጫን በቀር የሚረባው ጥቂት ነው። መስኮት ተዘግቶም አይሠራም፤ እርጥቡ አየር መውጫ ይፈልጋል። የከተማው የጉድጓድ ውሃ ጨዋማ በመሆኑ ገለባው ላይ ጨው ስለሚጋግር መታጠብ አለበት። ከባሕሩ ርቀው ደረቅ አየር ባለበት ለሚኖሩ ከከተማው ይልቅ ይጠቅማል።

ሐ) ኤርኮንዲሽን

በዚህ አገር ክሊማቲዘር የሚባለው ነው። ወበቅንም ሐሩርንም የሚያሸንፈው እርሱ ብቻ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ሂሳቡን እንመልከት። በገበያ ላይ ትንሹ 9000 ቢቲዩ የሚል ተጽፎበታል። ይህ በአንድ ሰዓት ከክፍሉ ማውጣት የሚችለው ሙቀት ሲሆን ወደ 2600 ዋት ይመጣል። 25ቱ ልጆች ብቻ 2000 ዋት እንደሚሰጡ ከላይ አይተናል። ለጣሪያው የቀረው 600 ዋት ነው። ያልተጠለለ የቆርቆሮ ጣሪያ የሚያስገባው ከዚህ ብዙ እጥፍ ስለሆነ መሣሪያው ያለ ዕረፍት እየሠራ ክፍሉ አይቀዘቅዝም። በቆርቆሮው መጋጠሚያና በበሩ ሥር የሚወጣው ቅዝቃዜም ሲታከልበት ገንዘባችን ሜዳ ላይ እንደፈሰሰ ይቆጠራል።

ሌላም ነገር አለ። ኤርኮንዲሽን ሳይሠራም ወጪ አለው። የባሕር ጨው የውጭውን ክፍል ያዝገዋል፣ አቧራ ማጣሪያውን ይዘጋዋል፣ ጋዙም በጊዜ ብዛት ሊያልቅ ይችላል። በዓመት ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚሠራ መሣሪያ ሳያገለግል ያረጃል። ቬንቲላተርን ግን ክፍሉ ሲዘጋ አንዱ ወላጅ ቤቱ ወስዶ ሊያስቀምጠው ይችላል።

ኤርኮንዲሽን ተገቢ የሚሆንበት ቦታም አለ። በብሎኬት የተሠራ፣ ኮርኒስ ያለው፣ በሩና መስኮቱ ገጥሞ የሚዘጋ፣ ከስድስት ሰባት ሰው የማይበልጥ የሚቀመጥበት ክፍል ከሆነ ይጠቅማል። ሙቀት የሚያበላሻቸው መድኃኒቶች ለሚቀመጡበት ክፍልም ያስፈልጋል። ይህ የመጨረሻው ግን አልፎ አልፎ ሳይሆን ሌት ተቀን የሚሠራ ጉዳይ ነው።

5. የመብራት ሂሳብ

የጅቡቲ መብራት እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስ የሚመነጨው ነዳጅ በሚያቃጥሉ ጄኔሬተሮች ነበር። በዚያ ዓመት ከኢትዮጵያ የተዘረጋው የኃይል መስመር ሥራ ጀመረ፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጉቤት 60 ሜጋዋት የሚያመነጭ የነፋስ ኃይል ጣቢያ ተመረቀ። ቢሆንም መብራት ለእኛ ኪስ አሁንም ውድ ነው።

ክፍሏን በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን 3 ሰዓት ብንገለገልባት በወር 36 ሰዓት ይሆናል። ሁለት ባለ 60 ዋት ቬንቲላተሮች በዚህ ጊዜ 4.3 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳሉ። 150 ዋት የሆነ የውሃ ማቀዝቀዣ 5.4 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። ወደ 1000 ዋት የሚወስድ ኤርኮንዲሽን ግን ክፍሉን አስቀድሞ ለማቀዝቀዝ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ መከፈት ስላለበት በወር 42 ሰዓት ይሠራል፤ ይኸውም 42 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከሁለቱ ቬንቲላተሮች ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል። የአንዱን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከመብራት ደረሰኛችሁ ላይ አይታችሁ ብታባዙት፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ በየወሩ ምን ያህል እንደሚደርሰው ታውቃላችሁ። መዋጮ የሚሰበሰበው ለመግዣ አንድ ጊዜ ቢሆንም የመብራቱ መዋጮ ግን በየወሩ ነው።

6. ገንዘብ የማይጠይቀው ማቀዝቀዣ

ሁልጊዜ የሚኖሩበትን ቤት ሙቀት መሸሽ አይቻልም። አልፎ አልፎ የምንገለገልባትን ክፍል ግን ሰዓቷን መምረጥ እንችላለን፤ ትልቁ ጥቅማችንም ይህ ነው። ቆርቆሮ ቶሎ እንደሚግል ሁሉ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ፀሐይ ከጠለቀች አንድ ሰዓት በኋላ የቆርቆሮ ክፍል ከብሎኬት ቤት የሚሻልበት ጊዜ አለ፤ ብሎኬትና ድንጋይ ቀን የያዙትን ሙቀት ማታ ማታ ስለሚለቁ ነው። ስለዚህ በሐሩር ወራት የማስጠኛው ሰዓት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ወይም ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ከቀኑ 5 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ልጆችን በቆርቆሮ ቤት መሰብሰብ ተገቢ አይደለም። ብዙ ሕዝብ ከሚሰበሰብ ደግሞ በሁለት ፈረቃ መክፈል ከሰዎቹ የሚወጣውን ሙቀት በግማሽ ሊቀንስ የሚችል ዘዴ ነው። ቡናም ከክፍሉ ውጭ፣ በጥላ ሥር ይፈላ።

7. ሊረሱ የማይገባቸው ጥንቃቄዎች

በቆርቆሮ ቤት ውስጥ የተላጠ ሽቦ ግድግዳውን በሙሉ ኤሌክትሪክ ያስይዘዋል። ሽቦው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይለፍ፤ በቆርቆሮ ቀዳዳ በኩል በባዶው አይሳብ። ኤርኮንዲሽን ከተገዛ ከቆጣሪው ለብቻው የሚመጣ ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት ሽቦ ይፈልጋል። ከጎረቤት በተቀጠለ ቀጭን ሽቦ ማሠራት እሳት መጋበዝ ነው። የውሃ ማቀዝቀዣን በእርጥብ እጅ አትንኩ።

ውሃ የሚጠራቀምበት ዕቃ ሁሉ ይከደን። አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው የወባ ትንኝ በጅቡቲ ከተማ በ2012 እ.ኤ.አ. ከተገኘች ወዲህ፣ በዚያ ዓመት 27 ብቻ የነበረው የተመዘገበ የወባ ሕመምተኛ ቁጥር በ2020 እ.ኤ.አ. ከ73000 በላይ ደርሷል። ይህች ትንኝ ከረግረግ ይልቅ በበርሜል፣ በጀሪካንና በውሃ ጋን ውስጥ መራባት ትወዳለች። የማቀዝቀዣው ውሃ ክፍሉ ሲዘጋ ይደፋ።

ልጅ ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማው ወደ ጥላ ይውጣ፣ ልብሱ ይላላ፣ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ይጠጣ። ንግግሩ ከተዛባ ወይም ራሱን ከሳተ አደገኛ ነው፤ ገላውን በውሃ እያረጠባችሁና እያራገባችሁ ፈጥናችሁ ወደ ሕክምና አድርሱት። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ በአፉ አይሰጥም።

8. በካምፕ ለምትኖሩ

በአሊ አዴና በሆልሆል ለምትኖሩ ወገኖቻችን ከላይ ስለ ጥላ፣ ስለ ነፋስና ስለ ሰዓት የተባለው ሁሉ እንዳለ ይሠራል። በፕላስቲክ ሸራ ለተሠራ መጠለያም ከላዩ ክፍተት ያለው ዳስ መጣል ይረዳል። መብራት ለሌለበት ቦታ ከ15 እስከ 20 ዋት የሚወስድ ባለ 12 ቮልት ቬንቲላተር በ50 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ በሬጉላተር በኩል ሊሠራ ይችላል። ሙቀቱ የሚበረታው ፀሐይ በምትበረታበት ሰዓት በመሆኑ ለቀን አገልግሎት ትልቅ ባትሪ አያስፈልግም።

አሊ አዴ ከባሕር ጠለል ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ እንግዲህ ስለ ማሞቂያም አንድ ቃል ማለት ይገባል። የከሰል ፍም በተዘጋ መጠለያ ውስጥ አስገብቶ መተኛት ገዳይ ነው። ከከሰሉ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ ስለሌለው የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል፤ ፍሙ ጭስ አለመኖሩም ዋስትና አይሆንም። ለብርድ የሚበጀው ከወለል ሥር የሚገባውን ነፋስ መድፈን፣ ከመሬት ሰሌን ወይም ካርቶን አንጥፎ መተኛትና ብርድ ልብስ መደራረብ ነው።

እንግዲህ መዋጮ የምትሰበስቡ ወላጆችና የኮሚቴ አባላት፣ ገንዘቡን በዚህ ተራ እንድታውሉት እንመክራለን። በቅድሚያ ዳስና ኖራ፤ ቀጥሎ መስኮትና ኮርኒስ፤ ከዚያ ደኅናውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ማስዘርጋትና ሁለት ቬንቲላተር መግዛት፤ ከደረቅ ነፋስ ወራት በፊት ለምዕራቡ መስኮት ጆንያ ማዘጋጀት። ይህ ሁሉ ተሠርቶ አንድ የሐምሌና አንድ የመስከረም ወር ከታየ በኋላ ክፍሉ አሁንም የማያስቀምጥ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ስለ ኤርኮንዲሽን መነጋገር ይቻላል። ያን ጊዜም ቢሆን የተጠለለው ጣሪያ ለመሣሪያው ሥራውን ያቀልለታል እንጂ የወጣበት ገንዘብ አይባክንም።